ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ ያነበዋልን?



በዚህ ግድግዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የምናነበው ስለ ስፖርት ውድድር፣ ስለ ግቢ ንጽሕናና ስለ ፈተና ዝግጅት ነው። እኔ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን አብዛኞቻችን እንደ ትርፍ ነገር ስለምንቆጥረው ስለ ንድፍ ነው። አሁን በሁሉም አፍ እንደተለመደው ዲዛይን ልንለው እንችላለን። ዲዛይን ስል የልብስ ወይም የሕንፃ ማለቴ አይደለም። እኛ መምህራን ነገ በየክፍሉ የምንሰቅለውን የፊደል ገበታ፣ የሥዕል ካርድ፣ ቻርትና ማስታወቂያ ማለቴ ነው። እነዚህን አሳምሮና ለዓላማቸው እንዲስማሙ አድርጎ መሥራት ትምህርት ይጠይቃል። ይህንንም ትምህርት ዛሬ በኢንተርኔት ከሚገኙ መሣሪያዎች በነጻ ልናገኘው እንችላለን። ነገር ግን መሣሪያውን ከመያዛችን በፊት ለማን እንደምንሠራ ካላወቅን ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ ሳይሆን እኔው ራሴ አጥፍቼ ስለተማርሁት ነው።

ባለፈው የተግባር ልምምድ ጊዜ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች በአንዱ አንደኛ ክፍል እንዳስተምር ተመድቤ ነበር። ከመሄዴ በፊት ሁለት ሌሊት ኮምፒዩተር ላይ አምሽቼ የፊደል ገበታ አዘጋጀሁ። ከኢንተርኔት አበባና ቢራቢሮ የተሣለበት ዝግጁ ቅርጽ አወረድሁ። ፊደሎቹን ጫፋቸው በተጠማዘዘ፣ ጌጥ በበዛበት ዓይነት ጻፍኋቸው። አንዱን ረድፍ ቢጫ፣ አንዱን ቀለል ያለ አረንጓዴ፣ አንዱን ሮዝ አደረግሁ። ለምሳ ከያዝሁት ገንዘብ ቀንሼ በኤ4 ወረቀት አሳተምሁና በላስቲክ አስለበጥሁት። ጓደኞቼ ሲያዩት «ኧረ ይሄማ የመጽሐፍ ነው የሚመስለው!» አሉኝ። እውነትም ያምር ነበር።

ክፍል ውስጥ ሰቅዬው «ተከተሉኝ» ስል ከፊት ያሉት ልጆች ጮኸው አነበቡ፤ ከኋላ ያሉት ግን ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ ነበር። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ አስነሥቼ «ሸ»ን ሳሳያት «ሰ» አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኋት፤ አሁንም «ሰ» አለች። «አላጠናሽም ማለት ነው፤ ተቀመጭ!» አልኋት። ልጆቹ ሳቁ። እሷም አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ሲወጡ ምን እንዳሰብሁ እንጃ፣ ሄጄ የልጅቷ ቦታ ላይ ተቀመጥሁ። ቀና ብዬ ወደ ገበታው ባይ የመስኮቱ ብርሃን በላስቲኩ ላይ ተንጸባርቆ ግማሹ ነጭ ሆኗል። ቢጫው ረድፍ ጭራሽ የለም። የ«ሸ» አናት ላይ ያለችው ሰረዝም ከጌጡ ጋር ተቀላቅላ አትለይም። ሰባት ሜትር ያህል ርቄ ራሴ የጻፍሁትን ፊደል ራሴ ማንበብ አቃተኝ። ልጅቷ ትክክል ነበረች፤ ከዚያ ወንበር ላይ የሚታየው «ሰ» ነው። ያላጠናሁት እኔ ነኝ። በማግሥቱ ይቅርታ ብጠይቃትም ልምምዴ እስኪያልቅ ድረስ እጅዋን ለመልስ አላነሣችም።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች ልጅ ምክንያት ነው።

ንድፍ ጌጥ አይደለም

ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት አስተሳሰብ «ዲዛይን ማለት ማሳመር ነው» የሚለው ይመስለኛል። ንድፍ ማለት አንድ ነገር ለሚጠቀምበት ሰው እንዲሠራለት አድርጎ ማሰብ ማለት ነው። ለዚህም ከሞጣ ሰው የተሻለ ምስክር የለም። ከሞጣ ወዲያ ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይን የማያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ የድንጋይ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ሲያገናኝ ኖሮ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ ይህንኑ በገመድ መሳብ በመጽሔት ፎቶግራፍ ላይ አይቶ ተነሣሣና እ.ኤ.አ. በ2002 የተሰበረው ክፍል በብረት ተጠገነ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣው ጎርፍ ጥገናውን ጠራርጎ ወሰደው። ሠሪዎቹ ተስፋ ቆርጠው አልቀሩም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሌላ ዓይነት፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል የእግረኛ ድልድይ ሠሩ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሁለተኛው ሥራ ከፊተኛው የተሻለው ስላማረ አይደለም። ጎርፉን አስቦ ስለተሠራ ነው። የእኛም ጎርፍ የክፍሉ ርዝመት፣ የመስኮቱ ብርሃን፣ የልጁ ዓይንና ከኋላ ያለው ወንበር ናቸው። እነዚህን ሳያስብ የተሠራ ገበታ በመጀመሪያው ቀን ይፈርሳል። ልዩነቱ ድልድይ ሲፈርስ ሁሉም ያያል፤ ገበታ ሲፈርስ ግን መምህሩ ልጁን «ሰነፍ» ብሎ ያልፋል።

ይህ ዕውቀት ለአገራችን አዲስ ነው ብሎ የሚያስብ ካለም ተሳስቷል። ቢቸና አጠገብ ያለውን የዲማ ጊዮርጊስን ደብር፣ ከቢቸና አልፎም ያለውን ደብረ ወርቅን እናስታውስ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ምክንያት ዲማን ያላየ ኢትዮጵያዊ እንኳ በስም ያውቀዋል። እንዲህ ባሉ ደብሮች የሚሠራ ቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ ካዘጋጀ በኋላ ወዲያው ብዕሩን ቀለም ውስጥ አይነክርም። መጀመሪያ ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል። ከዚያ በቀዳዳዎቹ ልክ መስመር ያሰምራል። ለኅዳጉ ሰፊ ቦታ ይተዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው መጻፍ የሚጀምረው። የአርእስቱን መነሻና የቅዱሳንን ስም በቀይ፣ ሌላውን በጥቁር ይጽፋል። ሐረጉንም የሚስለው በየቦታው ሳይሆን በመጽሐፉ ወይም በምዕራፉ መግቢያ ላይ ነው።

አስተውሉ፤ ዛሬ በየድረ ገጹ «የገጽ አቀማመጥ ትምህርት» ተብሎ የሚሰጠው ይኸው ነው። መስመር አስምር፣ ባዶ ቦታ ተው፣ ቀለም አታብዛ፣ ጌጡን በቦታው አድርግ ይላል። በተለይ ቀዩ ቀለም ትልቅ ብልሃት ነው። ምክንያቱም ፊደላችን እንደ እንግሊዝኛው ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም። ስለዚህ አርእስትን ከሌላው ለመለየት ያለን መንገድ መጠን፣ ውፍረትና ቀለም ብቻ ነው። አባቶቻችን ይህን ያወቁት ያለ ኮምፒዩተር ነው።

መሣሪያዎቹን በምን እንምረጥ?

ወደ ዛሬዎቹ መሣሪያዎች ልመለስ። ዲዛይን በመደበኛ ትምህርት ለመማር አዲስ አበባ ሄዶ በ1950 ዓ.ም. በተቋቋመው በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ወይም በመሰሎቹ መግባት ያስፈልጋል። ይህ ለሁላችን የሚሆን አይደለም። ኢንተርኔቱ ግን በር ከፍቶልናል። ችግሩ በሩ ብዙ መሆኑ ነው። «ዲዛይን ለመማር የሚጠቅሙ 100 ድረ ገጾች» የሚል ዝርዝር ማንም ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ስለ ቢቸናና ስለ ሞጣ አላሰበም። በበኩሌ ማንኛውንም መሣሪያ ሦስት ጥያቄ ልጠይቀው እላለሁ።

አንደኛው ጥያቄ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል ወይ? ይህ ቀልድ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሥራውን ሁሉ በድረ ገጽ ላይ ያስቀመጠ ሰው በዚያን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ስለዚህ በቅድሚያ መማር ያለብን አንድ ጊዜ አውርደን በፍላሽ ይዘን የምንሄደውን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ኢንክስኬፕ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ የሥዕልና የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም አለ። ሥዕሉን በነጥብ ሳይሆን በመስመር ስሌት ስለሚይዝ የአውራ ጣት የሚያህለውን ሥዕል በር የሚያህል ብታደርጉት አይደበዝዝም። ለቻርት የሚያስፈልገንም ይኸው ነው። በውስጡም የመለማመጃ ትምህርቶች አብረው ስለሚመጡ ያለ ኢንተርኔት መማር ይቻላል። ለፎቶግራፍ ማስተካከያ ደግሞ ጊምፕ የሚባለው አለ፤ እሱም ነጻ ነው። ካንቫ የሚባለውና ወጣቱ ሁሉ የሚወደው ድረ ገጽ ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ለትምህርት ቤት መምህራንም ማስረጃ ሲያቀርቡ የሚከፈተው ነጻ ክፍል አለው። ግን በዋናነት ኔትወርክ ይፈልጋል። እኔ ካንቫን አልጠላም፤ በእሱ ብቻ መተማመንን ነው የምጠላው።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ፊደላችንን ያውቃል ወይ? ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒዩተር ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ያ ችግር በአብዛኛው ተቃሏል። ሆኖም በየድረ ገጹ ካሉት ጌጠኛ የፊደል ዓይነቶች አብዛኞቹ የተሠሩት ለላቲን ፊደል ብቻ ነው። አማርኛ ስትጽፉባቸው ወይ ባዶ ሣጥን ይሰጧችኋል፣ ወይ ሌላ መልክ ተክተው ገጹን ያዘበራርቁባችኋል። ስለዚህ ለፊደላችን የተሠሩትን ማወቅ ይገባል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የሚባሉት ማንም ሰው በነጻ አውርዶ ሊጠቀምባቸው የተፈቀዱ ናቸው። በዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ተጭኖ ይገኛል። ለመጻፊያ ደግሞ ኪይማን የሚባለው ፕሮግራም በነጻ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ይሰጣል። በትእዛዝ ሥዕል የሚሠሩት አዳዲሶቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችም ግሩም ሥዕል ሊሰጧችሁ ይችላሉ፤ ፊደላችንን እንዲጽፉ ስታዟቸው ግን ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል፣ ፊደል ያልሆነ ነገር ያመጣሉ። ይህ ለትልቅ ሰው ያስቅ ይሆናል፤ ፊደል ለሚቆጥር ልጅ ግን መርዝ ነው። ሥዕሉን ከእነሱ ብትወስዱም ፊደሉን ራሳችሁ ጻፉ።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ልወስደው ተፈቅዶልኛል ወይ? ኢንተርኔት ላይ ያለ ሥዕል ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ዊኪሚድያ ኮመንስ የሚባለው ድረ ገጽ ሰው ሁሉ እንዲጠቀምባቸው የተፈቀዱ ሥዕሎችን የሰበሰበ ነው። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ፈቃዱ ተጽፏል፤ አብዛኞቹም የሠሪውን ስም እንድንጠቅስ ይጠይቃሉ። ተማሪ እንዳይኮርጅ የምንቆጣ መምህራን የሰው ሥዕል ስም ሳንጠቅስ ብንሰቅል በምን አፋችን እንናገራለን?

ስለ መጠንና ስለ ቀለም

ከዚህ ቀጥሎ በተግባር የሚያገለግሉ ጥቂት ስሌቶችን ላቅርብ። ማስታወቂያ የሚጽፉ ሰዎች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ይኸውም ለየ3 ሜትሩ ርቀት የፊደሉ ቁመት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን የሚል ነው። የኋላው ወንበር 7 ሜትር ቢርቅ ፊደሉ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል ማለት ነው። የኔዎቹ ፊደሎች አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞሉም ነበር!

አሁን እናስላ። መሠረታዊዎቹ ፊደሎቻችን 33 ሲሆኑ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። የ6 ሳንቲ ሜትር ፊደል ከነክፍተቱ 9 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል ብንል 33 ረድፍ ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የብዙው ክፍል ግድግዳ ይህን አይችልም። እንግዲያው ሁሉንም ፊደል በአንድ ወረቀት አጭቆ መስቀል ልጁ እንዲያነበው ሳይሆን መምህሩ «ሰቅያለሁ» እንዲል ነው። መፍትሔው መከፋፈል ነው። አራት ኤ4 ወረቀት ሲገጣጠም 42 በ59.4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገበታ ይወጣዋል። በእሱ ላይ አራት ረድፍ፣ በየረድፉም ሰባት ፊደል በደንብ ይቀመጣል። በዚህ አኳኋን ዘጠኝ ገበታ 33ቱንም ይጨርሳል፤ የሳምንቱን ብቻ እየሰቀሉ ማስተማርም ይቻላል። ትልቅ ማተሚያ የለንም አትበሉ። አንዱን ገጽ በብዙ ኤ4 ላይ ከፋፍሎ የማተም ምርጫ አዶቤ ሪደር በሚባለው የተለመደ ፕሮግራም ውስጥ አለ። ፖስተር የሚለውን መጫን ብቻ ነው። ከዚያ በሙጫ ማያያዝ።

ስለ ፊደሉ ዓይነት ደግሞ ይህን አስተውሉ። «ሰ»ና «ሸ»፣ «ተ»ና «ቸ»፣ «ነ»ና «ኘ»፣ «ከ»ና «ኸ»፣ «ዘ»ና «ዠ» የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች ሰረዝ ነው። «ቡ»ና «ቢ» የሚለያዩትም ቅጥያዋ ከወገብ ወይም ከእግር በመቀጠሏ ብቻ ነው። ስለዚህ እጅግ የወፈረ ዓይነት ብትመርጡ ክፍተቱ ይደፈናል፤ እጅግ ቀጭን ብትመርጡ ሰረዟ ትጠፋለች፤ ጌጠኛ ብትመርጡ ልጁ ጌጡን ከፊደሉ አካል አይለየውም። መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ጌጥ የሌለበት ይሻላል። ጌጠኛውን ለሠርግ ጥሪ ተዉት።

ቀለምን በሚመለከት የሁለት ቀለሞችን ልዩነት በቁጥር የሚለኩ ድረ ገጾች አሉ፤ ዌብኤይም የሚባለው አንዱ ነው። ሁለት ቀለም ስትሰጡት ከ1 እስከ 21 ያለ ቁጥር ይነግራችኋል። ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5፣ ለትልቅ ጽሑፍ ቢያንስ 3 እንዲሆን ይመከራል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ነው። ደማቅ ሰማያዊ በነጭ ላይ ከ8 በላይ ነው። ደማቅ ቀይ በነጭ ላይ 4 ያህል ነው፤ ለአርእስት ይበቃል፣ ለትንሽ ጽሑፍ ግን አይበቃም። ቢጫ በነጭ ላይ ከ1 ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ ማለትም የለም ማለት ይቻላል። እነዚህ የኮምፒዩተር መስኮት ላይ ቀለሞች ቢሆኑም ለማርከርም መንገዱን ያሳያሉ። እንዲሁም ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸገሩ ልጆች፣ በተለይ ወንዶች፣ በክፍላችን ሊኖሩ ስለሚችሉ «ቀዩን አንብብ፣ አረንጓዴውን ተው» የሚል ገበታ አንሥራ። በላስቲክ መለበጥ ከአቧራ ይጠብቃል፤ ሆኖም ከመስኮት ትይዩ ከተሰቀለ ያብረቀርቃል። ወይ ግድግዳውን ቀይሩ፣ ወይ ላስቲኩን ተዉ።

«ጠመኔ ይበቃል» ለሚሉ

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ መምህራንም ጭምር፣ «የገጠር ትምህርት ቤት መብራት እንኳ የለው፤ ይህ ሁሉ ወሬ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኋላም በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ኮምፒዩተር አልነበረም፤ ሆኖም በጠመኔና በሰሌዳ ስንቱ ሰው ስሙን መጻፍ እንደቻለ ወላጆቻችን ይነግሩናል። እውነት ነው፤ አልክድም። እንዲያውም በብዙ ትምህርት ቤቶች በማዳበሪያ ከረጢት ላይ በማርከር የተጻፉት ገበታዎች ከኔ የላስቲክ ገበታ ብዙ እጥፍ ይሻላሉ። ትልቅ ናቸው፣ አያብረቀርቁም፣ ሲቆሽሹም ይታጠባሉ።

ይሁንና የኮምፒዩተሩ ጥቅም ጠመኔውን መተካት አይደለም። ጥቅሙ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከመሥራታችን በፊት መጠኑንና ቀለሙን ደጋግሞ ለመሞከር ወረቀት አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ የእጅ ጽሑፉ የማያምር ሰው ትልቁን ፊደል አትሞ፣ ከጀርባው በከሰል ቀብቶ በከረጢቱ ላይ መገልበጥ ይችላል። ሦስተኛ፣ አንዱ የሠራውን ሌላው በፍላሽ ወስዶ ማሻሻል ይችላል። በእጅ የተጻፈ ገበታ መምህሩ ሲዛወር አብሮ ይጠፋል፤ በፍላሽ ያለው ግን ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ደጀን ይደርሳል። ስለዚህ «ጠመኔ ወይስ ኮምፒዩተር» የሚለው ክርክር መሠረት የለውም። መከራከር ያለብን ልጁ ያየዋል ወይስ አያየውም በሚለው ላይ ነው።

ምን ይደረግ?

ጽሑፌን በምኞት ብቻ እንዳልጨርስ አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ሲታረም ለ«ውበት» የሚሰጠው ማርክ ይቀነስና ለ«መነበብ» ይሰጥ። አራሚው ገበታውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከሚያየው ይልቅ ይሰቀልና ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ ያንብበው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰባት ሜትር መራመድን ብቻ ይጠይቃል። መምህሮቻችንን በትሕትና የምጠይቀው ይህንን ነው፤ እኛ እጩዎች የምንሠራው ማርክ ወደሚገኝበት አቅጣጫ መሆኑን እናንተም ታውቁታላችሁና።

ሁለተኛ፣ ከላይ የጠቀስኋቸው ነጻ ፕሮግራሞችና የፊደል ዓይነቶች በአንድ ፍላሽ ተሰብስበው በቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ። ኔትወርክ ባለ ዕለት አንድ ሰው ቢያወርዳቸው ለሁላችን ይበቃሉ።

ሦስተኛ፣ የኮምፒዩተር ክፍሉ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ለዚህ ሥራ ይከፈት። የሚያውቁት ተማሪዎች የማያውቁትን ያስተምሩ። እኔም የማውቃትን ጥቂት ለማካፈል ዝግጁ ነኝ። ትምህርቶቹ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ በመሆናቸው ተቀምጠን በጋራ ወደ አማርኛ ብንመልሳቸው ቋንቋችንንም እናሻሽላለን።

አራተኛ፣ ምሳሌ መሆን ከራስ ይጀምራልና ይህ የግድግዳ ጋዜጣችንም ይታረም። እስኪ ወደ ታችኛው የግራ ጥግ ተመልከቱ። እዚያ የተለጠፈውን ጽሑፍ የሚያነበው የጫማውን ክር ለማሰር ያጎነበሰ ሰው ብቻ ነው። ጽሑፎቹን በዓይን ትይዩ ብናደርጋቸው፣ አርእስቶቹን በቀይ፣ ሌላውን በጥቁር ብንጽፍና በመካከላቸው ክፍተት ብንተው ምን ይጎድለናል? የኔም ጽሑፍ ረዝሟል፤ አዘጋጆቹ ወደ ታች ቢያወርዱት አልቀየምም።

ጓደኞቼ፣ ጥቂት ቆይተን በየወረዳው እንበተናለን። አንዳንዶቻችን መብራት ያለበት፣ አንዳንዶቻችን የሌለበት እንመደባለን። የትም ብንሄድ ግን ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ይኖራል። አንዳንዱ ቁመቱ አጭር፣ አንዳንዱ ዓይኑ ደካማ፣ አንዳንዱም ዓይነ አፋር ሆኖ «አይታየኝም» ለማለት የሚፈራ ነው። እሱ አይነግረንም። እኛ ነን ሄደን ወንበሩ ላይ መቀመጥ ያለብን።

እኔ አሁን ማንኛውንም ገበታ ከጨረስሁ በኋላ ግድግዳ ላይ እሰቅልና ሰባት ሜትር ቆጥሬ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ከዚያ ዞር ብዬ መጀመሪያ የምፈልገው «ሸ»ን ነው። አናቷ ላይ ያለችው ሰረዝ ከታየች ገበታው ክፍል ይገባል፤ ካልታየች እንደገና እሠራዋለሁ።

አንድ እጩ መምህር